ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚያብጥ ክንድ፡ ሕመሙን እንዴት መቆጣጠር ይቻላል?

የጡት ካንሰር ሕክምና ካበቃ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ በርካታ ሴቶች ያልጠበቁት ችግር ይገጥማቸዋል። በቀዶ ሕክምናው በኩል ያለው ክንድ ይከብዳል፤ ቀለበት አልወጣ፣ የልብስ እጅጌ አልገባ ይላል። አንዳንዶች ካንሰሩ እንደተመለሰ በማሰብ ይሸበራሉ፤ ሌሎች ደግሞ እብጠቱን በነጠላ ሸፍነው ዝም ይላሉ።

ሕመሙ ሊምፎዲማ ይባላል። በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለ በ2013 የታተመ ትንታኔ እንደሚያሳየው፣ ለጡት ካንሰር ከታከሙ አምስት ሴቶች በግምት አንዷ ላይ ይከሰታል። አንዴ ከጸና ሙሉ በሙሉ ማዳን አዳጋች ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ግን በዕለት ተዕለት እንክብካቤ መቆጣጠር ይቻላል።

ክንድ ለምን ያብጣል?

ሐኪሞች ካንሰሩ መሠራጨቱን ለማወቅ ወይም ለመግታት ከብብት ሥር የሊምፍ ዕጢዎችን ያወጣሉ። እነዚህ ዕጢዎች ከክንድ የሚመለሰው ፈሳሽ የሚጣራባቸው ናቸው። ሲወጡ ወይም በጨረር ሕክምና ሲጎዱ ፈሳሹ መተላለፊያ አጥቶ ከቆዳ ሥር ይጠራቀማል።

ብዙ ዕጢ በወጣ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ሴቶች ወደ ሕክምና የሚመጡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ በመሆኑ ሰፊ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል።

ምልክቱን ቀድሞ መለየት

የልብስ ሰፊ ሜትር በቂ ነው። ሁለቱንም ክንዶች በተመሳሳይ ቦታ፣ ለምሳሌ የእጅ አንጓ ላይ እንዲሁም ከክርን በላይና በታች፣ በየወሩ ለክቶ መመዝገብ ይመከራል። የሁለት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ከታየ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

የዕለት ተዕለት እንክብካቤ

የመጀመሪያው ቆዳን መጠበቅ ነው። ክንዱን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ማድረቅና ቅባት መቀባት፣ እንጀራ ሲጋገር ከእሳትና ከእንፋሎት መጠንቀቅ፣ በአትክልት ሥራ ጊዜ ጓንት ማድረግ ይገባል። ትንሽ ጭረት ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል።

ሁለተኛው ክንዱን አጥብቆ የሚይዝ ልዩ እጅጌ ወይም ፋሻ ነው። ፋሻው ከእጅ ጀምሮ ወደ ላይ እየላላ መጠቅለል ስላለበት፣ አጠቃለሉን ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መማር ያሻል። ፈሳሹን በቀስታ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚመራው ልዩ ማሸትም እንዲሁ።

ሦስተኛው እንቅስቃሴ ነው። ክንዱ ጨርሶ መሥራት የለበትም የሚለው የቆየ ምክር ትክክል አይደለም። በ2009 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመ ጥናት፣ በባለሙያ ክትትል ቀስ በቀስ ክብደት ማንሳት እብጠቱን እንደማያባብስ አሳይቷል። ይህ ማለት ግን ሃያ ሊትር ጀሪካን በድንገት መሸከም አይደለም።

ከዝሆኔ ሕክምና የተገኘ ትምህርት

እንዲህ ያለው እንክብካቤ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በቀይ አፈር ላይ ለረዥም ጊዜ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው፣ መነሻው ቢለያይም የሊምፍ ሥርዓት ችግር ነው። በምሥራቅ ጎጃም ተካሂዶ በ2018 የታተመ ጥናት፣ እግርን ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ እንቅስቃሴና ጫማ ድንገተኛ የቁጣ ሕመምን እንደሚቀንሱ አረጋግጧል።

መቼ ወደ ሐኪም?

ክንዱ ከቀላ፣ ካተኮሰ ወይም ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ ኢንፌክሽኑ በፍጥነት ሊሠራጭ ይችላል። በድንገት የመጣ እብጠትም የደም መርጋት ወይም የካንሰሩ መመለስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። ያበጠን ክንድ መብጣትም ሆነ ዋግምት ማድረግ ግን ፈሳሹን አያስወግድም፤ ቆዳውን ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።