የበጎ አድራጎት ማኅበራትና የምርጫ ዘመቻ፤ ነጋዴው ሊለየው የሚገባ ወሰን

በባሕር ዳር ከተማ፣ በሹም አቦና በአካባቢው የሚነግድ ባለሱቅ ብዙውን ጊዜ የአንድ ማኅበር አባል ብቻ አይደለም። በሰፈሩ ዕድርተኛ ነው፤ በሙያው የንግድ ማኅበር አባል ነው፤ ችግረኞችን ለሚረዳ የበጎ አድራጎት ድርጅትም እንደ ዐቅሙ መዋጮ ይከፍላል። ከዚህ ሁሉ ሌላ፣ ዜጋ እንደ መሆኑ መጠን የሚደግፈው የፖለቲካ ፓርቲ ይኖረው ይሆናል። ምርጫ በደረሰ ጊዜ እነዚህ ልዩ ልዩ አባልነቶች ሊደባለቁ ስለሚችሉ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ማኅበር በምርጫ ጉዳይ ሊገባ የሚችልበትና የማይችልበት ወሰን የት እንደ ሆነ ማወቅ ለነጋዴው እጅግ ጠቃሚ ነው።

ነገሩ ከሥሩ ሲመረመር የአደራ ጉዳይ ነው። ለቀብርና ለሐዘን የተዋጣ፣ ወይም ለድኻ መርጃ ተብሎ ከሱቅ ሱቅ እየተዞረ የተሰበሰበ ገንዘብ ለአንድ ተወዳዳሪ ቅስቀሳ ቢውል፣ ያንን ተወዳዳሪ የማይፈልገው አባል ሳይጠየቅ የዘመቻው ደጋፊ ተደረገ ማለት ነው። «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ጉዳቱም በገንዘቡ ብቻ አይወሰንም፤ አንድ ጊዜ ወገን የያዘ ማኅበር በሚቀጥለው ዓመት መዋጮ ሲጠይቅ የሚያምነው አያገኝም።

በሌላ በኩል ደግሞ፣ ማኅበራት ከፖለቲካ ይራቁ በሚል ምክንያት ጨርሶ አፋቸው እንዲዘጋ ማድረግ ሌላ ጉዳት ያመጣል። በአገራችን ይህ ሁለተኛው ነገር በተግባር ታይቷል። በ1997 ዓ.ም. ከተደረገው ምርጫ በፊት የምርጫ ቦርድ፣ ምርጫ መታዘብ በመተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ በዓላማነት ያልተጻፈላቸውን የአገር ውስጥ ድርጅቶች ከታዛቢነት ከለከለ። ድርጅቶቹም ክስ መሠረቱ፤ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ውሳኔውን አጸና። ይሁን እንጂ የመጨረሻው ፍርድ የተሰጠው ድምፅ ሊሰጥበት ከተቆረጠው ከግንቦት 7 ቀን በፊት ጥቂት ቀናት ብቻ ሲቀሩ ስለ ነበረ፣ በቂ ታዛቢ አሠልጥኖ ማሰማራት አዳጋች ሆነ።

ከዚያም በኋላ በአዋጅ ቁጥር 621/2001 መሠረት፣ ከገቢው ከመቶ 10 በላይ የሚሆነውን ከውጭ አገር የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊና በዴሞክራሲያዊ መብቶች ሥራ እንዳይሰማራ ተደረገ። ይህ አዋጅ አሥር ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተካ። አዲሱ አዋጅ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅትን ከመንግሥት ነጻ የሆነና ለፓርቲ የማይወግን አካል ነው ሲል ተረጐመው። ስለ ሕግና ስለ ፖሊሲ ሐሳብ ማቅረብን ፈቀደ፤ የውጭ አገር ድርጅቶች ግን በሌላ ሕግ ካልተፈቀደላቸው በቀር የፖለቲካ ፓርቲዎችን እንዳያግባቡ፣ መራጮችን እንዳያስተምሩና ምርጫ እንዳይታዘቡ ከለከለ። ዕድርንና ዕቁብን፣ እንዲሁም በሌላ ሕግ የተቋቋሙ ድርጅቶችን ይህ አዋጅ አይመለከታቸውም። የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶችም ራሱን የቻለ ሕግ፣ ማለት አዋጅ ቁጥር 341/1995 ወጥቶላቸዋል።

በዚያው ዓመት የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ደግሞ ነገሩን ከተቀባዩ ወገን ያዘው። የፖለቲካ ፓርቲ ከውጭ አገር ሰው፣ ከበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ከሃይማኖት ተቋም፣ ወይም ምንጩ ካልታወቀ ሰው ሥጦታ እንዳይቀበል ከለከለ። ስለዚህ ጥፋቱ የሰጪው ማኅበር ብቻ ሳይሆን የተቀባዩም ፓርቲ ይሆናል።

በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ሕግ አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣ ድንጋጌ፣ ከግብር ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ወይም የሃይማኖት ድርጅት ተወዳዳሪን እንዳይደግፍና እንዳይቃወም ተከልክሏል። በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት የሚገኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን በ1992ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ዋዜማ አንደኛውን ተወዳዳሪ የሚቃወም ማስታወቂያ በጋዜጣ አወጣ፤ በማስታወቂያውም ላይ ከግብር የሚቀነስ መዋጮ እንዲሰጠው ጠየቀ። የግብር መሥሪያ ቤቱ የነጻነት መብቱን ነጠቀው፤ የይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ውሳኔውን አጸናው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው መለያ አጭር ነው፤ ጉዳይ ሌላ፣ ተወዳዳሪ ሌላ ነው። አንድ የንግድ ማኅበር ስለ ጉምሩክ አሠራር፣ ስለ ግብር አጣጣል፣ ወይም ወደ ጣና ዳርቻ ስለሚወስድ መንገድ ሐሳቡን ለሁሉም ፓርቲዎች ቢያቀርብ፣ ሁሉንም በአንድ መድረክ ጠርቶ ቢጠይቅ፣ የአባሎቹን ጥቅም መጠበቁ ነው። እገሌን ምረጡ ብሎ በማኅበሩ ማኅተም ቢጽፍ ግን ወሰኑን አልፏል።

ፈተናው የሚመጣው ብዙ ጊዜ በትንንሽ ነገር ነው። የዕድሩን ድንኳንና ወንበር፣ የማኅበሩን አዳራሽ ወይም የድምፅ ማጉያ ለአንድ ፓርቲ ስብሰባ በነጻ መስጠት ገንዘብ ከመስጠት አይለይም። በታወቀ ዋጋ፣ በደረሰኝ፣ ለጠየቀ ሁሉ በእኩል ማከራየት ግን ንግድ ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር በተወዳዳሪነት ሲቀርብ፣ ዘመቻው እስኪያልቅ ድረስ ሥራውን ለምክትሉ ማስረከቡና ይህም በቃለ ጉባኤ መስፈሩ ከሐሜት ያድናል። መዋጮ የሚሰጥ ነጋዴም ደረሰኝ መቀበልና ገንዘቡ ለምን ሥራ እንደ ዋለ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ መጠየቅ መብቱ ነው።

ነጋዴው በግሉ ፓርቲ መደገፍ ቢፈልግ፣ ሕግ በወሰነው መጠንና ሥርዓት፣ በራሱ ስምና ከራሱ ኪስ ማድረግ ይችላል። ሕግ በየጊዜው የሚሻሻል ስለ ሆነ፣ ከመስጠቱ አስቀድሞ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣውን የቅርቡን ድንጋጌ መመልከት ይገባዋል። የማኅበሩ ሣጥን ግን የሁሉም ነው፤ ቅዳሜ ገበያ የሚወጣው ሸማች የየትኛው ፓርቲ ደጋፊ እንደ ሆነ ሳይጠየቅ እንደሚስተናገድ ሁሉ፣ ሣጥኑም በምርጫው ማን አሸነፈ ሳይባል ለተቋቋመበት ዓላማ ሊቈይ ይገባዋል።