ጣሪያ አልባው የኖራ መስጊድ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ሲና ሲወርድ፣ ቁልቁል እስከ አፋር ሜዳ የሚታየው አገር ኢፋት ነው። በዚህ አገር ኖራ የምትባል የፈረሰች የመካከለኛው ዘመን የሙስሊሞች ከተማ አለች። ቤቶቿ የድንጋይ ክምር ሆነዋል፤ መስጊዷ ግን 5 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ግንቡን ይዞ ዛሬም ቆሟል። ፍራንሷ ዣቪየር ፎቬልና በርትራንድ ሂርሽ የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ከ20 ዓመት በፊት ገደማ ኖራን እንዲሁም ሌሎቹን የኢፋት ፍርስራሽ ከተሞች አስባሪንና መሳልን አጥንተው ለዓለም አሳውቀዋል።

ጣሪያና ሚናራ የሌለው ፍርስራሽ መስጊድ መሆኑ በምን ይታወቃል? አንዱ ምልክት አቅጣጫው ነው። መካና ኢፋት ሁለቱም በ40ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ አጠገብ ስለሚገኙ፣ የኢፋት ሰጋጅ ቂብላው፣ ማለትም ወደ መካ የሚዞርበት አቅጣጫ፣ ቀጥ ያለ ሰሜን ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚሰግድም ከሰሜን ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ይላል እንጂ ብዙ አይርቅም። በሰሜኑ ግድግዳ መሃል ኢማሙ የሚቆምበት ስርጉድ፣ ማለትም ሚህራቡ፣ ከተገኘ ጥርጣሬው ያበቃል።

ኢፋት ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የንግድ መስመር አገር ነበር። የኢፋቱ የወላስማ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1285 የመኽዙሚዎችን ሱልጣኔት ጥሎ ገነነ። በ14ኛው መቶ ዘመን የጻፈው አል ዑመሪም ኢፋትን ጨምሮ የአካባቢውን የሙስሊም አገሮች መስጊዶች ያነሳል። ሱልጣኖቹ ወደ አዳል ከሄዱ በኋላ ግን ከተሞቹ እየተራቆቱ መጡ።

ሰው የተወው የድንጋይ ሕንፃ መጀመሪያ የሚያጣው ጣሪያውን ነው፤ እንጨት ይበሰብሳል። ከዚያ ዝናቡ በግንቡ አናት ይገባል። በጭቃ የተያያዘ ግንብ ጭቃው ሲታጠብ ሆዱ ይነፋል፣ ውሎ አድሮም ይዘረገፋል። የዛፍ ሥር ደግሞ ድንጋዩን ይፈለቅቃል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ለአጥርና ለእርከን ተብሎ የሚነቀለው ድንጋይ ነው፤ አንዴ ከተነሳ ቦታውን የሚያውቅ የለም። የአርጎባዋ ሾንኬ መንደር የድንጋይ ቤቶች እስከ ዛሬ የቆዩት ሰው ስለሚኖርባቸውና በየጊዜው ስለሚጠግናቸው ነው።

በሲሚንቶ መለሰን ደግ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ሲሚንቶ ውሃውን ውስጥ አፍኖ ጭቃውን ያላላዋል። የሚበጀው ከጥንቱ ጋር የሚስማማ ጭቃ ነው፤ የግንቡን አናት መሸፈን፣ ቁጥቋጦውን ሥሩ ሳይደድር መቁረጥ፣ የወደቀውን ድንጋይ ከወደቀበት ሳያነሱ መመዝገብ። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ጥገናም ቢሆን ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ ስለሚከለክል፣ የአካባቢው ሰው ስንጥቅ ሲያይ አስቀድሞ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማመልከት አለበት።