ኮምፒዩተሩ ሲታደስ የገበሬው ስም እንዳይጠፋ

የገጠር ሥራ ከሞፈርና ከቀንበር ጋር ብቻ የተያያዘበት ዘመን ካለፈ ቆይቷል። ዛሬ በብዙ ወረዳዎች ገበሬው የሚወስደው ማዳበሪያ፣ የሚከፍለው ግብር፣ የመሬት ይዞታውና ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጋር ያለው ሒሳብ በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ተመዝግቦ ይገኛል። ስለዚህ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የሚደረገው ለውጥ የጸሐፊዋና የሒሳብ ሠራተኛው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኮምፒዩተር በእጁ ነክቶ የማያውቀውን ገበሬ ጭምር በቀጥታ የሚመለከት ነው።

እንዲህ ያለው ለውጥ አሁን በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ደርሷል። የአሜሪካው ማይክሮሶፍት ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥገና አገልግሎት ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ አቁሟል። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት ኮምፒዩተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሣ፣ ለሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ ቦታና ተራ የሚሰጥ ዋናው ፕሮግራም ነው። በደቦ ሥራ ላይ ሰዉን በየመስመሩ ከሚያሰልፈው አስተባባሪ ጋር ቢመሳሰል ስሕተት አይሆንም። አስተባባሪው ሲለወጥ ሠራተኛውም ሁሉ አዲሱን አሠራር መልመድ ግድ ይሆንበታል።

ነገሩ ያልታየ አይደለም። ቀደም ሲል በስፋት ይሠራባቸው የነበሩት ዊንዶውስ ኤክስፒ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ዊንዶውስ 7 ደግሞ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. በተመሳሳይ ሁኔታ ጥገናቸው ተቋርጧል። ጥገናው በተቋረጠ ማግሥት ኮምፒዩተሩ ሥራውን አያቆምም። ይበራል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። ነገር ግን ለቫይረስ መግቢያ የሚሆኑ ቀዳዳዎች ሲገኙ የሚደፍናቸው አይኖርም። በገጠሩ መሥሪያ ቤት ደግሞ ደብዳቤና ዝርዝር ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን በፍላሽ ተይዞ ስለሚመላለስ፣ አንዱን ኮምፒዩተር የያዘው ቫይረስ ወደ ሌላው ለመዛመት ብዙ ቀን አይፈጅበትም። ለውጡ የማይቀር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነባሮቹ ማሽኖች

አዲሱ ዊንዶውስ 11 በመስከረም 2014 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ እንደ ቀድሞዎቹ በማንኛውም ማሽን ላይ የሚጫን አይደለም። ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ሜሞሪ፣ 64 ጊጋ ባይት የዲስክ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የምሥጢር መጠበቂያ ይጠይቃል። ከዚህም በላይ አንጎለ ኮምፒዩተሩ ኩባንያው በዝርዝር ካወጣቸው ውስጥ መሆን አለበት። ከዚህ የተነሣ ገና በደኅና የሚሠሩ ብዙ ማሽኖች አዲሱን ሥርዓት መቀበል አይችሉም።

እንዲህ ያለ ማሽን የያዘ መሥሪያ ቤት ያለው ምርጫ የተወሰነ ነው። አንደኛው አዲስ ማሽን መግዛት ነው። ሁለተኛው ለነባሩ ዊንዶውስ 10 የተራዘመ ጥገና በክፍያ መግዛት ሲሆን፣ ለድርጅቶች የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ በአንድ ኮምፒዩተር 61 የአሜሪካ ዶላር ነው፤ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ከሦስት ዓመት አያልፍም። ሦስተኛው ሊኑክስ የተባለውን ያለ ዋጋ የሚገኝ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫን ነው። የአማርኛ ፊደል በሊኑክስም ይጻፋል። ይሁን እንጂ ሠራተኛው የለመዳቸው ፕሮግራሞች ሁሉ በዚያ ላይ ስለማይሠሩ ቀድሞ መፈተሽ ይኖርበታል። ከሦስቱ አንዱም ለጊዜው ካልተቻለ፣ ማሽኑን ከኢንተርኔትና ከባዕድ ፍላሽ አርቆ ለጽሕፈት ብቻ ማዋል ይሻላል።

ቁጥሩ አለ፣ ባለቤቱ የለም

በገጠር መሥሪያ ቤቶች ከሁሉ የሚከፋው ችግር ግን የማሽኑ ዕድሜ ሳይሆን የፊደሉ ነገር ነው። ለዓመታት የአማርኛ ደብዳቤና ዝርዝር ሲጻፍ የኖረው እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነው። ጥንት የተዘጋጁት እነዚህ ፊደላት አንድ የተለየ ጠባይ አላቸው። ኮምፒዩተሩ በውስጡ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ የግዕዙ መልክ ከላይ እንደ ልብስ የሚደረብ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ የፊደል ስብስብ ሊይዝ የሚችለው ከ256 የማይበልጥ ምልክት ስለነበረ፣ የግዕዝ ፊደላትን በሙሉ ለማስገባት በተለያየ ዘዴ መከፋፈልና መገጣጠም ያስፈልግ ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የተመዘገቡት ምልክቶች 345 ነበሩ።

እንግዲህ የወረዳው ኮምፒዩተር ይታደስ ተብሎ ወደ ባለሙያ ተወስዷል እንበል። ባለሙያው ፎርማት አድርጎ አዲሱን ይጭናል። የተቀመጡት ፋይሎች ተገልብጠው ይመለሳሉ፤ የድሮው የፊደል ፕሮግራም ግን ይረሳል። ጸሐፊዋ የማዳበሪያ ተጠቃሚዎችን ዝርዝር ስትከፍት ስም በነበረበት ዓምድ ላይ የምታየው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ክምር ይሆናል። በአብዛኛው የኩንታሉ ቁጥር ሳይነካ ይቆያል። ቁጥሩ አለ፣ ባለቤቱ የለም። ከቀበሌው በማለዳ ተነሥቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ ወረዳ የደረሰው ገበሬ “ስምህ አልተገኘም” ቢባል፣ ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑ ግልጽ ነው። ማሳው ግን ማዳበሪያውን እስከሚያገኝ አይጠብቀውም።

በዚህ ጊዜ ሊታወቅ የሚገባው ጽሑፉ ያልጠፋ መሆኑ ነው። የጎደለው ልብሱ ብቻ ነው። በድንጋጤ ዝርዝሩን እንደገና መጻፍ ወይም የማይነበበውን መሰረዝ አይገባም። ፊደሉን ኒያላ ወደተባለው ወይም ወደ ሌላ ዩኒኮድ ፊደል መለወጥም አይጠቅምም፤ በውስጥ ያለው ላቲን ስለሆነ የሚታየው ያው ላቲን ነው። መድኃኒቱ ጽሑፉ የተጻፈበትን የድሮ ፊደል መልሶ መጫን፣ ከዚያም በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዛውሮ፣ የተለወጠውን ከታተመው ቅጂ ጋር ስም በስም ማመሳከር ነው።

ወደ ዩኒኮድ የተዛወረ መዝገብ ጥቅሙ ከአንድ እድሳት ያልፋል። በማንኛውም ዘመናዊ ኮምፒዩተርም ሆነ በእጅ ስልክ ላይ ይነበባል። በሀ ሁ ሂ ተራ ይደረደራል፤ በድሮው ፊደል የተጻፈው ግን የሚደረደረው በላቲኑ ተራ ነው። ስምም በፍለጋ ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለኮምፒዩተሩ “ዓለሙ” እና “አለሙ”፣ “ኃይሉ” እና “ሀይሉ” የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስለሆነም መሥሪያ ቤቱ የስም አጻጻፍ ደንብ አውጥቶ አንዱን ገበሬ ሁለት ሰው ከማድረግ መቆጠብ አለበት።

እጅ የለመደውን መተው

ፊደሉ ከተስተካከለ በኋላ የሠራተኛው ተራ ይመጣል። በዊንዶውስ 11 በግራ ጥግ ይገኝ የነበረው የመጀመሪያ ቁልፍ ወደ መካከል መጥቷል። በቀኝ የማውስ ቁልፍ ሲጫኑ ይወጣ የነበረው ረጅም ዝርዝር አጥሮ፣ መቅጃና መቁረጫው በትናንሽ ሥዕል መታየት ጀምረዋል፤ የቀረው ትእዛዝ ተጨማሪ አሳይ በሚለው ሥር ገብቷል። ኒያላ የተባለው ፊደልም ካልተጨመረ በስተቀር ስለማይገኝ፣ ከኢንተርኔት ማውረድ ወይም አብሮ የሚመጣውን ኤብሪማ መጠቀም ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ የደብዳቤው መስመርና ገጽ ሊዛባ ይችላል።

ሠራተኛዋ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ ለመጻፍ የበቃችው በብዙ ዓመት ልምድ ነው። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው የአማርኛ ቁልፍ አቀማመጥ ከለመደችው የተለየ ሲሆን ጣቷ ይሳሳታል፤ ሥራዋም ይዘገያል። ይህ ከስንፍና የሚቆጠር አይደለም። የለመደችውን የሚመስል አቀማመጥ እንደ ኪማን ባሉ በነፃ በሚገኙ ፕሮግራሞች መፈለግ፣ ጥቂት የልምምድ ቀናትም መስጠት የኃላፊው ተግባር ነው። በአማርኛ የተጻፈና በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የአንድ ገጽ መመሪያም ብዙ ጥያቄ ይቀንሳል።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

በአዲሱ ሥርዓት ሊዘነጋ የማይገባው ሌላው ጉዳይ የቁልፍ ነገር ነው። ዊንዶውስ 11 አዲስ ሲጫን በተለመደው አካሄድ የኢንተርኔት ግንኙነትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። መሥሪያ ቤቱ የራሱ አካውንት ከሌለው በቦታው የተገኘው ሠራተኛ በግል ስሙ ይከፍታል። በአሁኑ ዕትም ደግሞ በብዙ ማሽኖች ላይ ዲስኩ በምሥጢር የሚቆለፍ ሲሆን፣ የመክፈቻው 48 አኃዝ ያለው ቁጥር በዚያው ሰው አካውንት ውስጥ ይቀመጣል። ሠራተኛው ወደ ሌላ ወረዳ ከተዛወረ በኋላ ማሽኑ አንድ ቀን ቁጥሩን ቢጠይቅ፣ የቀበሌዎቹ ሁሉ መዝገብ እዚያው ተቆልፎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አካውንቱ በመሥሪያ ቤቱ ስም መከፈት፣ የመክፈቻ ቁጥሩም በወረቀት ተጽፎ እንደ ማኅተሙ በካዝና መቀመጥና በርክክብ ጊዜ በፊርማ መተላለፍ ይኖርበታል።

ወቅቱን መምረጥ

ጥሩ ገበሬ ቀንበሩን የሚያድሰው ዝናብ ከመጣሉ በፊት ነው። የኮምፒዩተሩም እድሳት እንዲሁ ወቅት አለው። በግንቦትና በሰኔ የማዳበሪያ ሥርጭቱ ይጧጧፋል፤ ሰኔ 30 ደግሞ የበጀት ዓመቱ ይዘጋል። በእነዚህ ወራት ማሽን ፈትቶ መቀመጥ ሥራን በገዛ እጅ ማሰናከል ነው። የሥራው ጫና ቀለል የሚልበትን ጊዜ አይቶ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።

የሥራው ቅደም ተከተልም ግልጽ ሊሆን ይገባል። በመጀመሪያ መዝገቡ ሁሉ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ይገለበጣል፤ አንደኛው ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ይቀመጣል። በዴስክቶፕ ላይና በየአቃፊው የተበተነው ፋይል እንዳይረሳ ይቆጠራል። ዋና ዋናዎቹ ዝርዝሮች በወረቀት ይታተማሉ። የድሮዎቹ የፊደል ፕሮግራሞችና የማተሚያ መኪናው ማስነሻ ፕሮግራም ለብቻ ይቀመጣሉ። ከዚያ አንድ ማሽን ብቻ ይታደሳል፤ ዝርዝሩ ተከፍቶ፣ ተነብቦ፣ ታትሞ ከታየ በኋላ ወደ ሌሎቹ ይታለፋል። እድሳቱ በመካከል መብራት ቢጠፋበት ሊበላሽ ስለሚችል፣ የኃይል መጠባበቂያ ሳይዙ መጀመር አይገባም። ማሽኑ ብቁ ከሆነ ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ያለ ክፍያና ያለ ፎርማት ማሳደግ ስለሚቻል፣ ፋይሉንም ፊደሉንም በቦታው የሚያቆየው ይህ መንገድ ይመረጣል።

“ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ” እንደሚባለው፣ ይህ ሁሉ ቀድሞ ቢሠራ ከጥቂት ቀናት ድካም አያልፍም። ሳይሠራ ከቀረ ግን የዓመታት መዝገብ የማይነበብ ክምር ሆኖ ይገኛል። የወረዳ ኃላፊዎች፣ የዩኒየን ሥራ አስኪያጆችና የቀበሌ የልማት ሠራተኞች የኮምፒዩተሩን እድሳት ለጠጋኙ ብቻ ሳይተዉ፣ መዝገቡ በትክክል መመለሱን ራሳቸው ስም እየጠሩ ሊያረጋግጡ ይገባል። ማሽኑ ሊለወጥ ይችላል፤ በውስጡ የሰፈረው ስም ግን የገበሬው ነውና ተጠብቆ ሊተላለፍ ይገባል።