የነፋስ ወንፈል

አሥራ ሁለት ብስክሌተኞች ሁለት ሁለት ሆነው በሜዳማ መንገድ ላይ ሲነጉዱ ያየ ሰው፣ በፊተኛውና በኋለኛው ጎማ መካከል ያለችውን ክፍተት ሲያስተውል መደንገጡ አይቀርም። ብትበዛ ግማሽ ሜትር ናት። ፍጥነታቸው በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ አንዱ በድንገት ፍሬን ቢይዝ ሌሎቹ እላዩ ላይ ይከመራሉ። ሰፊ መንገድ እያለ እንዲህ የሚጣበቁት ወደው ነው፤ ለዚህም ሲሉ ወራት ተለማምደዋል። በእንግሊዝ አገር በየከተማው እንዲህ ያለ የአማተር ብስክሌት ክለብ ይገኛል። በእኛ ዘንድ ክለብ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ለስፖርተኛው ደመወዝ የሚቆርጥ ድርጅት ነው፤ እዚያ ግን አናጺው፣ መምህሩ፣ ነርሷና ጡረተኛው ዓመታዊ መዋጮ ከኪሳቸው እያወጡ ነው አባል የሚሆኑት። ከአንጋፋዎቹ አንዱ የሆነው የለንደኑ ፒክዊክ ብስክሌት ክለብ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1870 ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ክለቦች የአንድ ስፖርት ወዳጆች መሰባሰቢያ አድርጎ ያያቸዋል። እኔ ከዚያ የጠበቀ ነገር አይባቸዋለሁ፤ ክለቡ ሰዎች ድካም የሚበዳደሩበት ተቋም ነው፣ ፍጥነቱም ከዚሁ ብድር የሚገኝ ትርፍ ነው።

ነገሩ ከነፋስ ይጀምራል። አየሩ ፀጥ ባለበት ቀን እንኳ ብስክሌተኛ የራሱን ነፋስ ይፈጥራል፤ በፈጠነ ቁጥር እየወፈረ የሚመጣ ግድግዳ ከፊቱ ይቆምበታል። በሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ከሚገጥመው ተቃውሞ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የአየሩ ነው፤ የጎማና የሰንሰለት ፍትጊያ ተደምሮ የቀረችውን ትንሽ ድርሻ ይይዛል። ክፋቱ ደግሞ ነፋሱ የሚጠይቀው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በእኩል እርምጃ አለማደጉ ነው። ከ30 ወደ 40 ኪሎ ሜትር መሻገር የፍጥነቱን ሲሶ ብቻ መጨመር ነው፤ አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ኃይል ግን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ሌላ ሰው ጀርባ የተጠለለ ብስክሌተኛ ከዚህ ግብር ትልቅ ክፍል ይቀርለታል። ጥላው ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ቤርት ብሎከንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። የ121 ብስክሌተኞችን መንጋ በኮምፒውተር ስሌትና በነፋስ ዋሻ ሲመረምሩ፣ መሀልና ኋላ ጥሩ ቦታ የያዘው ሰው የሚገጥመው የአየር ተቃውሞ ብቻውን ቢሆን ከሚገጥመው ከ5 እስከ 10 በመቶ ሆኖ አገኙት። ከኋላው ሰው የተጠጋለት መሪም ጥቂት እንደሚቀለው ታውቋል፤ ተከታይ ሸክም ብቻ ነው የሚለውን ሐሳብ ይህች ትንሽ እውነት ታፈርሰዋለች። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አንፃር በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ነፋሱ ለብስክሌተኛ ይራራል፤ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል።

ማሳውን በወንፈል ያረሰ ገበሬ ይህ አሠራር አይገርመውም። ደቦ የጠራ ሰው ጠላና እንጀራ አሰናድቶ ያሠራል፤ ወንፈል ግን ቆጠራ አለው፣ ዛሬ እኔ ካንተ ማሳ ላይ የዋልኩትን ያህል ነገ አንተ ከኔ ማሳ ላይ ትውላለህ። የክለብ ልምምድ ወንፈል ነው። እንግሊዞቹ በሥራ ቀን ምሽት የሚደረገውን ጠንከር ያለ ልምምድ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ከሚሠሩ እስረኞች ጋር አመሳስለው የሰንሰለት ጓድ ይሉታል። ሁለት ረድፍ ይሠራል፤ አንዱ ትንሽ ይፈጥናል፣ ሌላው ትንሽ ይዘገያል። ከፈጣኑ ረድፍ ፊት የደረሰው ሰው ነፋሱን ለጥቂት ሰከንዶች ይቀበልና፣ የዘገምተኛውን ረድፍ መሪ እንዳለፈ ከፊቱ ገብቶ እግሩን በመጠኑ ያላላል። ከዚያ እያንሸራተተ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጭራው ላይ ሲደርስ የፈጣኑ ረድፍ የመጨረሻ ሰው ‘መጨረሻ ነኝ!’ ብሎ ይጮህለታል፤ ያን ሲሰማ ጎማውን ይዞ ወደ ፈጣኑ ረድፍ ይሻገራል። ከሩቅ ሲታይ ሰልፉ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይዞራል። በዚህ ሁሉ መካከል ማንም ከፊቱ ያለው ጎማ ላይ አያፈጥም፤ ዓይን የሚያርፈው የፊተኛው ሰው ትከሻ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ጎማ ከጎማ ቢነካካ የሚወድቀው የኋለኛው ነው። ፊት ያለው ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ወደ መሬት ይጠቁማል፣ ምልክቱም ከእጅ ወደ እጅ እስከ ጭራው ይወርዳል።

ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት አንድ ነው። ተራው ሲደርስ ጉልበቱን ለማሳየት ይፈተለካል። ያኔ ከኋላው ክፍተት ይከፈታል፣ ክፍተቱን ለመዝጋት የሚሮጠው ደግሞ ከሁሉ የደከመው ሰው ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ሰልፉ ይበጠሳል። ሕጉ ፍጥነቱን ሳይነኩ ነፋሱን ብቻ መረከብ ነው። ጉልበት የተረፈው ሰው በጥንድ ሲነዱ ፊት ላይ ረዘም አድርጎ ይቆያል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። ይህ ከሚመስለው በላይ ከባድ ትምህርት ነው፤ ስፖርት ሁሉ ከሌላው መብለጥን ሲያስተምር፣ ይህኛው አቅም እያለ መታገስን ያስተምራል። አቅም እያለው ነፋሱን ሳይቀበል ጀርባ ለጀርባ የሚሽሎከለከል ሰው ደግሞ ‘ጎማ መጣጭ’ የሚል ስም ይወጣለታል። አቅም ለሌለው ግን ጭራው ላይ መቀመጥ ነውር የለውም። ክለቡ ሁለቱን ለይቶ ማወቁ ነው ተቋም የሚያሰኘው።

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። ዛሬ ብስክሌቱን ቤት ውስጥ ተክሎ፣ እግሩ የሚያወጣውን ኃይል በዋት የሚለካ መሣሪያ ገጥሞ፣ ልቡ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደመታ እያየ መለማመድ ይቻላል። በቡድን ስትሄድ ቀን የወጣለት ሰው ከምትችለው በላይ ይጎትትሃል፣ ወይም ደካማው ከሚገባህ በታች ያስርሃል፤ መሣሪያው ግን የታዘዘልህን መጠን በትክክል ይሰጥሃል። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ሳንባንና እግርን ለማሠልጠን ብቻ ከሆነ ማሽኑ ያሸንፋል። የመንገድ ብስክሌት ግን ሳንባና እግር ብቻ አይደለም። ከጎን የሚመታ ነፋስ ሲመጣ ጥላው ከኋላ ወደ ጎን ይዞራል፤ ሰልፉም ሰያፍ ሆኖ መንገዱን ይሻገራል፣ ቦታ ያጣው ሰው ጠርዝ ላይ ብቻውን ይቀራል። ቦታን በትከሻ ማወቅ፣ የፊተኛው ሰው ሊደክም ሲል ከአተነፋፈሱ መረዳት፣ እየነዱ ውሃ መጠጣት ሳሎን ውስጥ አይገኙም። ብዙ አባላት ሁለቱንም ይዘዋል፤ ማክሰኞ በማሽን፣ እሁድ በመንገድ።

ከአሽከርካሪዎች የሚመጣው ቅሬታ የበለጠ ቁጣ አለበት። ሁለት ሁለት ሆነው መንገድ ዘጉብን ይላሉ። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ብስክሌት 1.75 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ አሥራ ሁለት ብስክሌቶች ግማሽ ግማሽ ሜትር ተራርቀው በአንድ መስመር ቢደረደሩ 26 ሜትር ያህል ይሞላሉ፣ በጥንድ ሲሆኑ ግን 13 ሜትር ይበቃቸዋል። በጠባብ የገጠር መንገድ በደህና ለመቅደም መኪናው በሁለቱም አሰላለፍ ወደ ተቃራኒው መስመር መውጣቱ ካልቀረ፣ አጭሩን ሰልፍ ማለፍ ይቀለዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የተሻሻለው የብሪታንያ የመንገድ ደንብም በጥንድ መንዳትን ይፈቅዳል፤ በተለይ ቡድኑ ሰፋ ሲል ይህ የበለጠ ደህንነት ሊሰጥ እንደሚችልም ይናገራል። ቢሆንም ከኋላ መኪና ተከማችቶ እያዩ አለመጠጋት ነውር ነው፤ ጨዋ የቡድን መሪ ሁኔታውን አይቶ ሰልፉን ያጠባል።

የእሁዱ ጉዞ ከልምምዱ ይለያል፤ የክለቡ ኑሮ ያለውም እዚያ ነው። ጠዋት አንድ አደባባይ ላይ ይገናኛሉ፣ የቀኑ መሪ መንገዱን ይናገራል፣ ከሁለት ሰዓት ገደማ ጉዞ በኋላ ሻይና ኬክ የሚገኝበት ካፌ ይወርዳሉ። ከመንገዱ ጉዳይ ሁሉ ክለብን ከመንጋ የሚለየው የተነፈሰ ጎማ ነው። ‘ጎማ!’ የሚል ጩኸት ሲሰማ ሰልፉ በሙሉ ዳር ይይዛል። አንዱ ጎማውን ከቸርኬው ያላቅቃል፣ ሌላው ጣቱን በጎማው ውስጥ በዝግታ እያዞረ የተሰካውን ስባሪ ይፈልጋል፤ ስባሪው ካልወጣ አዲሱም ከመነዳሪ ወዲያው ይበሳልና። ሦስተኛው መንፊያውን ይዞ ይጠብቃል። በዚያ ብርድ ላብ የደረቀባቸው ሰዎች ለአንድ ሰው ጎማ አሥር ደቂቃ ሲቆሙ የሚመዘግብላቸው የለም። ወንፈሉ እዚህ ላይ ወደ ደቦ ይለወጣል። ክለቡ በተጨማሪ ኮሚቴ አለው፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፣ ዓመታዊ ጉባኤ ያካሂዳል፣ ዋንጫ የሚሰጥበት የእራት ግብዣ ያዘጋጃል፤ ማኅበርና እድር የሚያውቅ አንባቢ ይህን ባላብራራም ያየዋል።

ለሁሉም ክፍት ነበር ወይ ቢባል፣ አልነበረም። ቀድሞ ብዙዎቹ የወንዶች ቤት ነበሩ፤ በኦሎምፒክ እንኳ ሴቶች በብስክሌት እንዲወዳደሩ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ነው። ዛሬም የብስክሌቱ ዋጋ ራሱ ብዙዎችን ከበር ይመልሳል፣ ይህን ክለቦቹ በቂ አድርገው የፈቱት አይመስለኝም። ኢትዮጵያ ኦሎምፒክ ስትገባ ግን ብስክሌት አብሯት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ከሯጮቹ ጎን እነ ገረመው ደንቦባ ብስክሌት ነድተዋል። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ የመቀሌው ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዚያ ደረጃም አብዛኛው ባለሙያ ቀኑን የሚያሳልፈው ለቡድኑ መሪ ነፋስ በመመከት ነው፤ ልዩነቱ ደመወዙ ነው።

ለእኔ ሐሳብ ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ቤሪል በርተን ትባላለች። ይህች የዮርክሽር ሴት ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፣ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ 25 ዓመት በተከታታይም የብሪታንያ የሴቶች ምርጥ ሁለገብ ብስክሌተኛ ተብላለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ አማተር ነበረች። ዋና ውድድሯ ደግሞ ከሰዓት ጋር የሚደረገው ነው፤ በየደቂቃው አንድ አንድ ሰው ይለቀቃል፣ የሌላውን ጀርባ መጠለል ክልክል ነው። ከብስክሌተኞች ታላቅ የሆነችው ብቻዋን በነፋስ ፊት ከሆነ ወንፈሉ ምን ሠራላት? መልሱ ያለው እንዴት እንደጀመረች ነው። በልጅነቷ ከባድ ሕመም ሆስፒታልና ማገገሚያ ውስጥ ረጅም ጊዜ አስተኝቷት፣ ሐኪሞች ጉልበት የሚጠይቅ ነገር እንዳትሠራ መክረዋት ነበር። ወደ ሞርሊ ብስክሌት ክለብ ያመጣት ባሏ ቻርሊ ነው። እርሱ በኋላ ሲያስታውስ፣ በመጀመሪያው ዓመት ዳገት ላይ ይገፏት ነበር፣ በሁለተኛው ከወንዶቹ እኩል መሄድ ቻለች፣ በሦስተኛው ፊት ሆና ትመራቸው ጀመር። ያንን የመጀመሪያ ዓመት ግፊያ ማንም እንደ ኪሳራ አልቆጠረውም፤ ትመልሳለች ብሎ ያሰበም ያለ አይመስለኝም። የምትተዳደርበትን ሥራ፣ ሩባርብ የሚባለውን ጎምዛዛ ተክል የመልቀሙንና የመሸከሙን ሥራ፣ የሰጣት ገበሬም እንደሷ ብስክሌተኛ የሆነው ኒም ካርላይን ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1967 የ12 ሰዓት ውድድር ተደረገ። ከሴቶቹ በፊት 99 ወንዶች ተለቀቁ፤ በርተን አንድ በአንድ እየደረሰች አለፈቻቸው፣ በመጨረሻ የቀራት የወንዶቹ መሪ ማይክ ማክናማራ ብቻ ሆነ። እርሱም በዚያ ቀን የወንዶችን ክብረ ወሰን ሊሰብር እየነዳ ነበር። ስትደርስበት ከኪሷ ሊኮሪስ የተባለ ከረሜላ አውጥታ ዘረጋችለት፤ ተቀብሎ ጎረሰው። ሰዓቱ ሲያልቅ ማክናማራ 276.52 ማይል ሄዶ የወንዶችን ክብረ ወሰን ሰብሯል፣ በርተን 277.25 ማይል፣ ማለትም 446 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ከሴቶች የእሷን ርቀት የሚያልፍ እስከ እ.ኤ.አ. 2017 አልተገኘም። በሁለቱ መካከል ያለውን አንድ ኪሎ ሜትር ከሩብ የማይሞላ ልዩነት ለክተው የመዘገቡት፣ ሰዓትና ወረቀት ይዘው ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር የቆሙ የክለብ አባላት ናቸው።