የራዲያተር አፍንጫ

የዘይት ጣሳ አንድ ቦታ ብቻ በስቶ ለመቅዳት የሞከረ ሰው ያውቀዋል። ዘይቱ ቡልቅ ይላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ቡልቅ ይላል። እናቶቻችን ግን በማዶው በኩል ሁለተኛ ቀዳዳ ይበሱለትና ያለ ንትርክ ይቀዳል። አየር ካልገባ ዘይት አይወጣማ። ቦስተን ውስጥ በአሮጌ ቤቶች ምድር ቤት ያየሁት ጣጣ በሙሉ ማለት ይቻላል የዚችው የሁለተኛዋ ቀዳዳ ጣጣ ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ አየሩ የሚፈለገው እንዲገባ ሳይሆን እንዲወጣ ነው።

የማወራው ስለ እንፋሎት ማሞቂያ ነው። ምድር ቤት ያለው ቦይለር ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ በብረት ቧንቧ ሽቅብ ወጥቶ ራዲያተር ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ሙቀቱን አራግፎ ውሃ ይሆንና በመጣበት ቧንቧ ቁልቁል ይመለሳል። ፓምፕ የለ፣ ማራገቢያ የለ። አረቄ ሲወጣ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። አንድ ኪሎ እንፋሎት ውሃ ሲሆን 540 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይለቃል፤ ክፍሉን የሚያሞቀው ይኸው ነው። ቤታችሁ ራዲያተር ካለ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። የሚገባበት ቧንቧ አንድ ብቻ ከሆነና በሌላው ጎኑ ጥይት የምትመስል ብርማ ነገር ከተሰካችበት፣ ጨዋታው የእናንተ ነው።

ያቺ ብርማ ነገር ኤር ቬንት ትባላለች፤ እኔ ማስተንፈሻ እላታለሁ። ቦይለሩ ባረፈ ቁጥር ቧንቧውም ራዲያተሩም አየር ይሞላባቸዋል። አየር ደግሞ እንደ እንፋሎት ውሃ ሆኖ ቦታ አይለቅም፤ መውጫ ካላገኘ እዚያው ተገትሮ እንፋሎቱን ደጅ ያስጠናዋል። ስለዚህ ማስተንፈሻዋ አየሩን ታሳልፋለች፤ እንፋሎቱ ሲደርስባት ግን ጥርቅም ትላለች። ባትሪ የላት፣ ሽቦ የላት፤ ታዲያ በምን ለየችው? በብዙዎቹ ሆድ ውስጥ የታሸገች ትንሽ ቆርቆሮ አለች፤ በቆርቆሮዋ ውስጥም ጥቂት የአልኮልና የውሃ ቅልቅል። አልኮል ከውሃ ቀድሞ እንደሚፈላ አረቄ አውጪዎች ለዘመናት እንጀራ ሲበሉበት ኖረዋል። መቶ ዲግሪ የሞቀ እንፋሎት ሲነካት ቅልቅሉ ይፈላል፣ የቆርቆሮዋ ሥር ይነፋል፣ አናቷ ላይ ያለችው መርፌ ተገፍታ ቀዳዳዋን ትደፍናለች። ስትቀዘቅዝ መርፌዋ ትወርዳለች። ውሃ ቢገባባት እንኳ ቆርቆሮዋ ትንሳፈፍና በዚያም ትዘጋለች። ይህን ሁሉ ብቻዋን የምትሠራ ዕቃ በሰው ቤት እንደ ዝገት ቁራጭ መታየቷ ያናድደኛል።

እናም «ስስስ» ስትል አትደንግጡ። ጋዝ አይደለም፣ አየር ነው። ቀለም ቀቢዎች ከግድግዳው ጋር አብረው ይቀቧታል፤ አከራዮችም እያዩ ዝም ይላሉ። ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ልናገር፦ በመጀመሪያው ክረምቴ ፉጨቷ እንቅልፍ ቢነሳኝ ማስቲካ አኝኬ ለጠፍኩባት። ጸጥ አለች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋቢ በብርድ ልብስ ደርቤ እየተንቀጠቀጥኩ ራዲያተሩን ብነካው የመቃብር ድንጋይ ሆኗል።

እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው ውሎ አድሮ ይደርስበታል። ማንም ልብ የማይላት ምድር ቤት ያለችው ታላቅ እኅቷ ናት።

ከቦይለሩ ተነስቶ በምድር ቤቱ ጣሪያ ሥር የሚዞረው ወፍራም ቧንቧ ራሱ አየር የሞላበት ነው። ስፋቱ 2 ኢንች፣ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ ቧንቧ 13 ሊትር ያህል አየር ይይዛል። የእኛ ቤት ቧንቧ ይህን ሦስት ጊዜ ይረዝማል፤ ሁለት ጀሪካን አየር ማለት ነው። ያን ሁሉ በራዲያተሮቹ የመርፌ ቀዳዳ አስወጣለሁ ማለት ጀሪካን በሻይ ማንኪያ መገልበጥ ነው። ለዚህ ነው በዋናው ቧንቧ መጨረሻ አካባቢ የራሱ ትልቅ ማስተንፈሻ የሚተከለው። ይህ ማስተንፈሻ ሲሞት እንፋሎቱ ቅርብ ያሉትን ራዲያተሮች ቀድሞ ያገኛቸዋል፤ ሳሎን ይሞቃል፤ ሳሎን ያለው ቴርሞስታት «በቃ» ብሎ ቦይለሩን ያጠፋል፤ የኋላው መኝታ ቤት ገና አየሩን እንደታቀፈ ነው። በቧንቧው የቀረው እንፋሎት ውሃ ሲሆን ባዶ ቦታ ይተዋል፤ አየሩ በማስተንፈሻዎቹ ተመልሶ ይገባል። ከዚያ እንደገና ከሀ።

ይህን ያሳዩኝ ቤተ ክርስቲያን የተዋወቅኋቸው፣ ሠላሳ ዓመት የአፓርታማ ሱፐር (የሕንፃ ተንከባካቢ) ሆነው የሠሩ አንድ ጋሼ ናቸው። ከእሳቸው በፊት አንድ ባለሙያ ጠርቼ የቦይለሩን ግፊት ከፍ አድርጎልኝ ሄዷል። ክፍሉ አልሞቀም፤ የጋዝ ሂሳቡ ግን ነደደ።

«ጋሼ፣ እስቲ ራዲያተሩን ይዩልኝ» ብላቸው፣

«ራዲያተሩን አይቼ ምን አደርገዋለሁ? ምድር ቤቱን ክፈትልኝ እንጂ» አሉኝ።

የእጅ ባትሪ ይዘው ቧንቧውን እስከ ጫፉ ተከተሉት። እዚያ፣ ከአሮጌ ቀለም ሥር፣ ዝገት የበላው ጉብታ ነበር። «ይኸውልህ፤ አፍንጫው ተደፍኖ አንተ ጉሮሮውን ታክማለህ» አሉ።

ግፊት ይጨመር የሚለው ነገር ሁልጊዜ ያበሽቀኛል። የመኪና ጎማ ከ30 ፒኤስአይ በላይ ይነፋል፤ ለቤት ማሞቂያ እንፋሎት ከ2 በታች ይበቃዋል። መውጫ የሌለው አየር ቢገፉት ይጨመቃል እንጂ የት ይሄዳል? በአውቶቡስ በር ላይ ወራጁ ሳይወርድ ተሳፋሪው ቢገፋፋ ማን ይገባል? ግፊቱ ቀርቶ በሩ ይከፈት። በቦይለሩ ላይ ያለችውን የግፊት መቆጣጠሪያ ጋሼ ወደነበረችበት ዝቅ አደረጓት።

ቦይለሩን አጥፍተን፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን (ይህን አደራ፣ ትኩስ እያለ ማንም እንዳይፈታው) አሮጌዋን ነቅለን ጎርተን ቁጥር 2 የሚባሉ ሁለት ማስተንፈሻዎችን ጎን ለጎን ተከልን። ሰፋ ያለ ቤት ሦስትም አራትም ይፈልጋል፤ ሲደረደሩ የቤተ ክርስቲያን መቅረዝ ይመስላሉ። ጋሼ መጨረሻው መታጠፊያ ላይ እንዲተከሉ አልፈቀዱም፤ የሚሮጥ ውሃ እዚያ ሲላተም የውስጧን ቆርቆሮ ያደቃታል። ትንሽ ወደኋላ ፈቀቅ፣ በአጭር ቧንቧ ከፍ። ከዚያ ሰዓት ያዝን፤ የቧንቧው መነሻ እጅ ማስነካት ከከለከለበት ቅጽበት ጀምሮ ጫፉ እስኪሞቅ። በፊት 20 ደቂቃ የፈጀው በ4 ደቂቃ አለቀ። በጣም ከመደነቄ የተነሳ ቦይለሩን አጥፍቼ፣ አቀዝቅዤ፣ በማግስቱ እንደገና ለካሁት።

ከዚያ ስስት ያዘኝ። የራዲያተር ማስተንፈሻ በፍጥነት ይለያያል፤ በጎርተን ሥራዎች 4 ዘገምተኛዋ ናት፣ ከዚያ 5፣ 6፣ ሲ፣ እስከ ፈጣኗ ዲ። እኔ ሆዬ መኝታ ቤቱ ላይ ዲ ገጠምኩ። እንፋሎቱ በኃይል ሲገባ በዚያው ቧንቧ የሚመለሰውን ውሃ መንገድ ዘጋበት፤ ማስተንፈሻዋ ግድግዳው ላይ ውሃ ትተፋ ጀመር። ጋሼ ሲሰሙ ሳቁ። «ዋናው ይፍጠን፣ ራዲያተሩ ይዝገም» አሉኝ። ዲ ወጥታ 5 ገባች።

ሌላው ቀላል ነው። የራዲያተሩን ቫልቭ ወይ ጨርሶ ክፈቱት ወይ ጨርሶ ዝጉት፤ ግማሽ ከፍቶ «ሙቀት መቀነስ» በአንድ ቧንቧ ሥርዓት የለም፣ ትርፉ እንደ መዶሻ የሚደበድብ ቧንቧ ነው። ራዲያተሩ ወደ ቫልቩ ዘንበል ማለቱን በውሃ ልክ እዩ፤ ካላለ በማዶው እግሩ ሥር ቀጭን እንጨት ይበቃል። የቆሸሸች ማስተንፈሻ በኮምጣጤ ተቀቅላ አንዳንዴ ትድናለች። ምድር ቤት ባለው አሮጌ ቧንቧ ላይ ነጭ፣ ኖራ መሳይ ልባስ ካያችሁ ግን እጃችሁን ሰብስቡ፤ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል፣ እሱ የራሱ ባለሙያ አለው።

ተከራይ ከሆናችሁ ምድር ቤቱ የእናንተ አይደለም፤ ሱፐሩን አናግሩት። ሕጉም ከእናንተ ጋር ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ በኒው ዮርክ ከተማ ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31 ባለው ጊዜ፣ ውጭው ከ55 ፋራናይት በታች ሲሆን ቀን ቀን ቤቱ ቢያንስ 68 እንዲሆን፣ ሌሊት ደግሞ ቢያንስ 62 እንዲሆን ሕጉ ያዛል። «ቀዘቀዘኝ» ከማለት ይልቅ «የዋናው ቧንቧ ማስተንፈሻ መቼ ተቀየረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሱፐሩ ፊቱ ይለወጣል።

የእንፋሎት ነገር የገባው ሁሉ ስሙን የሚያነሳው ዳን ሆሎሃን በ1992 ስለ ጠፋው የእንፋሎት ማሞቂያ ጥበብ መጽሐፍ ጽፏል። እሱ ደጋግሞ የሚያነሳው አንድ ነገር አለ፦ ከ1918ቱ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በኋላ ንጹሕ አየር ለጤና ተብሎ በክረምትም መስኮት ይከፈት ስለነበር፣ መሐንዲሶች መስኮቱ ተከፍቶ እንኳ ቤቱን የሚያሞቅ ትልልቅ ራዲያተር ያስገቡ ነበር። መስኮቱ ሲዘጋ ታዲያ ቤቱ ምድጃ ይሆናል።

የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ በዚያ ክረምት በረዶ እየጣለ መስኮቷን ከፍታ ነበር የምትተኛው፤ እኔ ከታች በጋቢ ስጠቀለል ማለት ነው። የእሷ ራዲያተር ለቦይለሩ ቅርብ በሆነው ቧንቧ ላይ ስለሆነ የእኔን እንፋሎት ቀድማ ትወስደው ኖሯል። ማስተንፈሻዎቹ ከተተከሉ በሳምንቱ ማታ ወደ ቤት ስገባ ቀና ብዬ አየሁ። መስኮቷ ተዘግቷል።