ቀዶ ጥገናው ያለቀ ዕለት ሕክምናው አላለቀም

እንጅባራ፣ ታላቅ ወንድሜ ቤት ያደርኩ ዕለት ነው። የእንጅባራ ብርድ የዋዛ አይደለምና ጠዋት ምድጃውን ከበን ተቀምጠናል። ቡናው ተቆልቶ ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል። ወንድሜ ግን ጀርባውን ለምድጃው ሰጥቶ በር በሩን እያየ፣ «ቡናው ዛሬ አይቆላም እንዴ?» አለ። ሁላችንም ዝም አልን።

ወንድሜ ከአራት ዓመት በፊት «አፍንጫህ ውስጥ ሥጋ በቅሏል» ተብሎ፣ ፈረሱን ሸጦ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። ለአዊ ሰው ፈረስ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ የአገሩ ልጅ ያውቀዋል። ለጥቂት ወራት ሽታ ተመልሶለት ነበር።

«ጋሼ፣ ከዚያ ወዲህ የታዘዘልህ መድኃኒት የለም?» አልኩት።

«ምን መድኃኒት አመጣህ? ተቆርጦ ወጣ እኮ!»

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለመሆኑ «ሥጋ» የምንለው ምንድን ነው? ሐኪሞች ፖሊፕ ይሉታል። በአፍንጫና በዓይን ዙሪያ ባሉ አጥንቶች ውስጥ አየር የሚይዙ ክፍት ቦታዎች አሉ፤ ሳይነስ የሚባሉት እነሱ ናቸው። የእነዚህ ክፍሎች ስስ ሽፋን ሲቆጣና ቁጣው ከ12 ሳምንት ሲያልፍ ሕመሙ ሥር ሰደደ ይባላል። በአንዳንድ ሰው ሽፋኑ ያብጥና እንደ ወይን ፍሬ የተንጠለጠለ፣ ለስላሳና የማያምም እብጠት ይሆናል። አፍንጫ ይዘጋል፣ ሽታ ይጠፋል። ፖሊፕ ካንሰር አይደለም። በአንድ በኩል ብቻ ከወጣ ወይም ከደማ ግን ሌላ በሽታ እንዳይሆን ሳይውል ሳያድር መመርመር ያስፈልጋል። አስም ያለበት፣ ወይም አስፕሪን ሲወስድ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰውም ይህንኑ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ሕክምናው የሚጀምረው በቢላ አይደለም። አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብና ስቴሮይድ ያለበትን የአፍንጫ ስፕሬይ በየቀኑ መጠቀም ይቀድማል፤ አስፈላጊ ሲሆንም ለአጭር ጊዜ የሚዋጥ ስቴሮይድ ይታከላል። ይህ ሁሉ ካልበቃ ቀዶ ጥገና ይመጣል። በቀድሞው ዘዴ ሐኪሙ የሚታየውን ሥጋ በሽቦ ቀለበት እየያዘ ይነቅል ነበር። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ዘዴ በኦስትሪያ ግራዝ ከተማ በእነ ሜሰርክሊንገር የተጀመረው ነው። በሽተኛው ሲቲ ስካን ይነሣል፣ ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ ፊቱ ሳይቀደድ ኢንዶስኮፕ የሚባል ቀጭን መሣሪያ በአፍንጫው ገብቶ ፖሊፑ ይወጣል፣ የተዘጋው የሳይነስ በርም ይከፈታል። ቦታውን ከዓይንና ከአንጎል የሚለየው ስስ አጥንት ስለሆነ ሲቲ ስካኑ ቅንጦት አይደለም።

ነገር ግን ሥጋውን ያበቀለው ሽፋን እዚያው ቀርቷል። ቀዶ ጥገናው መንገድ ይከፍታል፤ በተከፈተው መንገድ እጥበቱና ስፕሬዩ ካልገቡበት ፖሊፑ ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። በሚገባ የተከታተለ ሰው እንኳን ሊመለስበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ለዚሁ ሕመም የፈቀደችው ዱፒሉማብ የተባለ መርፌ አለ፤ ዋጋው ግን በፈረስ ሽያጭ የሚቻል አይደለም።

በተማርኩበት ሕግም ነገሩ እንዲሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2639 በሕክምና ውል ሐኪሙ በሽተኛውን ለማዳን የተቻለውን ሁሉ እንዲያደርግ ያስገድደዋል፤ ፈውስን ዋስ አያደርገውም። አንቀጽ 20 ደግሞ ማንም ሰው ሕክምናን ወይም ቀዶ ጥገናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። እምቢ ማለት የሚችል ሰው እሺ ሲል ምን እንደተቀበለ ማወቅ አለበት ባይ ነኝ። ወንድሜ ፈርሟል፤ «ይህ ሕመም ሊመለስ ይችላል» ያለው ግን አልነበረም።

በእርግጥ ክትትሉ ለአዊ ሰው ቀላል አይደለም። ከዳንግላ ባሕር ዳር 80፣ ከእንጅባራ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ ያልፋል። በፋግታ ለኮማ ከዲከረንስ ከሰል የሚያከስለው ገበሬ ከጭሱ ጋር ይውላል፤ ጭስ የፖሊፕ ምክንያት ነው ባይባልም የተቆጣን አፍንጫ ያባብሳል። ሽታ የጠፋበት ሰው ቤቱ ሲቃጠል እንኳን ቀድሞ አያውቅም።

እንግዲህ አገር ቤት ዘመድ ያላችሁ፣ ፈረሱ ወይም በሬው ከመሸጡ በፊት ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስፕሬዩ በቂ ጊዜ ተሞክሯል ወይ? ሲቲ ስካን ይነሣል ወይ? ከቀዶ ጥገናው በኋላ ማን፣ የት ይከታተለዋል? ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ከሆነ የጨው እጥበቱን እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል።

ወንድሜ አሁን ባሕር ዳር ከአንገት በላይ ሐኪም ጋር ክትትል ጀምሯል፤ ጠዋትና ማታ ያጥባል፣ ስፕሬዩንም አያቋርጥም። በቀደም ደውዬ «የቡናው ሽታስ?» አልኩት።

«አልፎ አልፎ ይመጣል» አለኝ።