እንቅልፍ እምቢ ሲል

ወደ ፋርማሲ መጥተው «የእንቅልፍ ኪኒን ስጪኝ» የሚሉ ወገኖች ብዙ ናቸው። ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሆንም ስንላቸው ቅር ይላቸዋል። ምክንያት ግን አለን።

እንቅልፍ ማጣት በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ እየተደጋገመ 3 ወር ከዘለቀ ሥር የሰደደ ይባላል። እንደ ዳያዜፓም ያሉ ኪኒኖች ለጊዜው ያስተኛሉ፤ ሰውነት ሲለምዳቸው ግን ያው መጠን አይበቃውም። አረጋውያንን ለመውደቅ ያጋልጣሉ። ለረጅም ጊዜ የወሰዳችሁም በድንገት አታቋርጡ፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቀንሳችሁ።

ታዲያ ምን ይሻላል?

1. የመነሻ ሰዓታችሁ አንድ ይሁን። ሌሊቱን ስትገላበጡ ብታድሩም ከሱብሒ በኋላ ተመልሳችሁ እስከ ረፋድ አትተኙ፤ የሚቀጥለውን ሌሊት እንቅልፍ ይወስድባችኋል።

2. የመጨረሻው ሲኒ ቡና ከዙህር አይለፍ። ከጠጣችሁት 5 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላም የካፌይኑ ግማሽ ያህል በሰውነት ውስጥ ይቆያል። ጫትም እንቅልፍ ያባርራል።

3. ከዒሻ በኋላ ወሬና ሞባይል ይቅር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በኋላ ወሬን ይጠሉ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል።

4. 20 ደቂቃ ያህል ተኝታችሁ እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ ውረዱ። በደብዛዛ ብርሃን ዚክር አድርጉ፤ ዓይናችሁ ሲከብድ ተመለሱ። ሰዓት አትመልከቱ። አልጋ የጭንቀት ቦታ መሆን የለበትም።

ለውጡ በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ ለጥቂት ሳምንታት ታገሡ። በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ወይም ሐዘን የበረታበት ሰው ግን ሳይዘገይ ሐኪም ያማክር።